ልጅ ስላለኝ ከሥራ ተገፋሁ፤ ማስረጃዬስ ይበቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ካሉ ወገኖቻችን ጋር ቁጭ ብዬ የሥራ ወረቀት ሳገላብጥ ዓመታት አለፉ። ቅሬታው ይመሳሰላል። «ከወሊድ ስመለስ ሺፍቴን ቀየሩብኝ።» «እድገቱን ልጅ ለሌላት ሰጧት።» «ሚስትህ አለች አይደል ብለው ፈቃድ ከለከሉኝ።» በደሉን አልጠራጠርም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እውነተኛ በደል ያለበት ክስ ጁሪ ፊት፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው ፍርድ በሚሰጡ ሰዎች ፊት ሳይደርስ፣ ማስረጃ ጎድሎት ወረቀት ላይ ሲቀር አያለሁ። እነዚህን ጥያቄዎች የሰበሰብኩት ለዚህ ነው። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የራሳችሁን ጉዳይ ደግሞ የሥራ ሕግ ለሚያውቅ ጠበቃ አሳዩ።

«ወላጅ በመሆኔ በደሉኝ» ብዬ መክሰስ እችላለሁ?

በፌዴራል ሕግ «ወላጅ» በሚል ስም ጥበቃ የተሰጠው ወገን የለም። ይህን ስናገር ብዙዎች ይደነግጣሉ። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ 7፣ በተለምዶ «ታይትል ሰቨን» የሚባለው፣ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። ስለዚህ ልጅ እንዳላችሁ ማሳየት ብቻ አይበቃም። ልጅ ያለው ወንድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያደርጉትም ነበር የሚያሰኝ ነገር ያስፈልጋል።

ይህን በር ያስከፈተችው አይዳ ፊሊፕስ ናት። በ1966 ፍሎሪዳ ውስጥ ማርቲን ማሪዬታ ለሚባል ኩባንያ የሥራ ማመልከቻ አስገባች። ለትምህርት ቤት ያልደረሰ ሕፃን ያላቸውን ሴቶች አንቀበልም አሏት። እንደዚያው ሕፃን ያላቸውን ወንዶች ግን ይቀጥሩ ነበር። ለዚያ ሥራ ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ስለነበሩ የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች የጾታ አድልዎ አላያቸውም። ጁሪ ሳይሰማው፣ በወረቀት ብቻ፣ ለኩባንያው ተፈረደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 ያንን ፍርድ ሻረው። የሥራው ጠባይ የግድ ካላለ በቀር፣ ሕፃን ላላት ሴት አንድ ደንብ፣ ሕፃን ላለው ወንድ ሌላ ደንብ ማውጣት አይቻልም አለ። ዛሬም እናቶች የሚከሱት በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሕጎች ተጨመሩ። በ1978 እርግዝናን ምክንያት አድርጎ ማዳላት የጾታ አድልዎ መሆኑ በሕግ ተጻፈ። በ1993 የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ወጣ። ኤፍኤምኤልኤ የሚሉት ነው። ልጅ ሲወለድ ለእናትም ለአባትም እስከ 12 ሳምንት ይሰጣል፤ ደመወዝ ግን የለውም። አገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። ከዚያ ለመጣ ሰው የዚህኛው ነገር ያስደንቃል። ከሰኔ 2023 ጀምሮ ደግሞ አሠሪዎች ለነፍሰ ጡር ሠራተኞች ሥራውን በሚቻለው መጠን እንዲያመቻቹ የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል።

የምትሠሩበትን ከተማ ሕግም ጠይቁ። የዲሲ የሰብዓዊ መብቶች ሕግ «የቤተሰብ ኃላፊነት»ን በስም ጠቅሶ ይጠብቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንጎመሪ ካውንቲ ሕግም እንዲሁ። የአላስካ ሕግ «ወላጅነት»ን ራሱን ይጠቅሳል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት በደል ዲሲ የምትሠራው እህት ከቨርጂኒያዋ ሰፋ ያለ በር ሊኖራት ይችላል።

የምሠራበት ቦታ ትንሽ ነው። ሕጉ ይመለከተኛል?

ለታይትል ሰቨን ቢያንስ 15 ሠራተኛ ያስፈልጋል። ለኤፍኤምኤልኤ ከሥራ ቦታችሁ በ75 ማይል ዙሪያ 50 ሠራተኛ፣ እናንተም 12 ወር የሠራችሁና ባለፈው ዓመት 1,250 ሰዓት የሞላችሁ መሆን አለባችሁ። የዲሲው ሕግ አንድ ሠራተኛ ላለው አሠሪም ይሠራል። በራሳችሁ መኪና በኮንትራክተርነት የምትሠሩ ግን እንደ ተቀጣሪ ስለማትታዩ ታይትል ሰቨን አይደርስላችሁም።

እስከ መቼ ነው ማመልከት ያለብኝ?

ከሁሉ በላይ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። «ትንሽ ልታገሥ»፣ «ልጁ ትንሽ ይደግ» ሲባል ጊዜው ያልፋል። በታይትል ሰቨን መጀመሪያ የሚኬደው ፍርድ ቤት አይደለም፤ የፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን ጋ ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ 300 ቀን አላችሁ። ተመሳሳይ የአካባቢ መሥሪያ ቤት በሌለበት ቦታ 180 ቀን ብቻ ነው። ኮሚሽኑ የመክሰስ መብት ደብዳቤ ከሰጣችሁ በኋላ ፍርድ ቤት ለመግባት ያላችሁ 90 ቀን ነው። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከታችሁ እንዳትረሱት። የኤፍኤምኤልኤ ክስ በኮሚሽኑ በኩል ማለፍ አያስፈልገውም። ጊዜውም 2 ዓመት ነው፤ አሠሪው ሆን ብሎ ከጣሰ 3 ዓመት።

ሰመሪ ጀጅመንት የሚሉት ምንድን ነው?

ክሱ ተጀምሯል እንበል። ሁለቱም ወገን ሰነድ ተለዋውጧል፤ የምስክሮች ቃል ተወስዷል። ያኔ አሠሪው ለዳኛው ያመለክታል። «የሚያከራክር ፍሬ ነገር የለም፤ ጁሪ አያስፈልግም፤ አሁኑኑ ይፈረድልኝ» ይላል። በፌዴራል ፍርድ ቤት ይህ የሚመራው በሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 56 ነው።

በዚህ ጊዜ ዳኛው ማን እውነቱን ተናገረ፣ ማን ዋሸ ብሎ አይመዝንም። ያ የጁሪ ሥራ ነው። እሱ የሚያየው፣ በቀረበው ማስረጃ ተነሥቶ አእምሮ ያለው ጁሪ ለሠራተኛዋ ሊፈርድላት ይችላል ወይ የሚለውን ነው። ሁለት ዓይነት ትርጉም ሊሰጠው የሚችል ነገር ካለ ለእናንተ በሚያግዘው በኩል ማየት አለበት። ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ዕድሉ የሚሠራው ግን መዝገቡ ውስጥ ማስረጃ ካለ ነው። የክስ ማመልከቻችሁ ላይ «ልጅ ስላለኝ አባረሩኝ» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጠበቃችሁ በቃል የሚከራከረውም ማስረጃ አይደለም። የመሐላ ቃል፣ ኢሜይል፣ ቴክስት፣ የሺፍት መዝገብ፣ የሥራ ግምገማ፣ ማስረጃ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። «ፍርድ ቤት ስቀርብ ሁሉን ነገር እናገራለሁ» የሚል ሰው ያሳዝነኛል። በዚህ ደረጃ ካልተናገረ የሚናገርበት ቀን ላይመጣ ይችላል።

አሠሪዬ «ያባረርንሽ ስለምታረፍጂ ነው» ካለስ?

ማለቱ አይቀርም። በቀጥታ «እናት ስለሆንሽ ነው» ብሎ የሚጽፍ ኩባንያ ዛሬ ብዙም አይገኝም። ለዚህ ነው ፍርድ ቤቶች በ1973ቱ የማክዶኔል ዳግላስ ጉዳይ የተቀመጠውን መንገድ የሚከተሉት። መጀመሪያ እናንተ ነገሩ የሚያጠራጥር መሆኑን ታሳያላችሁ። ሥራውን በአግባቡ ትሠሩ ነበር፤ ጉዳት ደርሶባችኋል፤ ሁኔታውም አድልዎ የሚያሸት ነው። ቀጥሎ አሠሪው ሕጋዊ ምክንያቱን ይናገራል። ከዚያ ዱላው ወደ እናንተ ይመለሳል። ምክንያቱ ሽፋን መሆኑን የሚያሳይ ነገር ማምጣት አለባችሁ።

ሽፋንን የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ምክንያቱ ይለዋወጣል፤ ለእናንተ «በማርፈድ» ይላሉ፣ ለኮሚሽኑ ደግሞ «በጀት ስለተቀነሰ» ብለው ይጽፋሉ። ለ4 ዓመት አንድ ማስጠንቀቂያ ያልነበረው ፋይል፣ ነፍሰ ጡር ነኝ ባላችሁ በ3 ሳምንት ውስጥ በማስጠንቀቂያ ይሞላል። ወይም ከእናንተ በላይ የሚያረፍድ፣ ልጅ የሌለው ሠራተኛ ምንም አልተባለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000 በሪቭስ ጉዳይ እንዳለው፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ያለፈች ሠራተኛ የአሠሪው ምክንያት ሐሰት መሆኑን ካሳየች፣ ጁሪው ከዚያ ተነሥቶ እውነተኛው ምክንያት አድልዎ ነው ሊል ይችላል። የግድ ሌላ ተጨማሪ ማስረጃ አያሻትም።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልጨምር። መብቴ ተነካ ብላችሁ ከተናገራችሁ በኋላ ተበቀሉኝ የምትሉ ከሆነ፣ ቅሬታችሁና ቅጣቱ በጣም የተቀራረቡ መሆን አለባቸው። ሌላ ነገር ሳይደገፍበት፣ 3 እና 4 ወር መራራቁን ብቻ ይዘው የቀረቡ ሰዎች ተሸንፈዋል።

ማኔጀሬ በአፉ የተናገረው ነገር ይጠቅመኛል?

እጅግ ይጠቅማል። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ።

በሜይን ግዛት ዌልፖይንት በሚባል የኢንሹራንስ ኩባንያ የምትሠራ አንዲት እናት ነበረች። አንድ የ11 ዓመት ልጅና የ6 ዓመት ሦስት መንታዎች አሏት። ቀን ቀን ልጆቹን የሚጠብቀው ባሏ ነው። የቡድን መሪነት እድገት ወጣና ተወዳደረች። በሥራ ግምገማ 4.40 ነበራት። ሥራው የተሰጣት ሴት 3.84 ነበራት፤ ልምዷም ያነሰ ነበር። ወሳኟ ኃላፊ ምክንያቱን ስትነግራት ጥፋት አላገኘችባትም። ትምህርት ትማሪያለሽ፣ ልጆቹ አሉሽ፣ ብዙ ነገር ተደራርቦብሻል አለቻት። በአዘኔታ ቃና የተነገረ ነው። የታችኛው ፍርድ ቤት በሰመሪ ጀጅመንት ለኩባንያው ፈረደ። የመጀመሪያው ሰርኪት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2009 ሻረው። «ሴት ስለሆንሽ» የሚል ቃል የግድ መነገር የለበትም፤ እናት ስለሆነች ሥራዋን ትበድላለች የሚለው ግምት ከንግግሩ ሊነበብ ይችላል፤ ያንን የሚወስነው ጁሪ ነው አለ።

አዘኔታው ማታለል የለበትም። የእኛ ሰዎች «ለእኔ አስባ ነው» ብለው ያልፉታል። «ሕፃን ይዘሽ የሌሊት ሺፍት አይከብድሽም?» ተብሎ የተወሰደ ሥራ ያው የተወሰደ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሰርኪትም በ2004፣ በኒው ዮርክ የአንድ ትምህርት ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያን ጉዳይ ሲያይ፣ ስለ እናቶች የተነገረ የተዛባ ንግግር ብቻውን የጾታ አድልዎ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። ከእሷ የተሻለ የተያዘ አባት ባይገኝም እንኳ።

ንግግር ሁሉ ግን እኩል አይመዝንም። ዳኛው ማን ተናገረው፣ መቼ፣ ስለምን ጉዳይ ብሎ ይጠይቃል። ከመባረራችሁ 2 ዓመት በፊት የሌላ ክፍል ሠራተኛ የቀለደው ቀልድ ብዙም አይረዳም። ያባረራችሁ ሰው በዚያው ሳምንት ስለዚያው ውሳኔ የተናገረው ግን ወርቅ ነው። ስለዚህ የዚያኑ ዕለት ማታ ጻፉት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ እዚያ የነበረውን ሰው፣ ቃሉን እንደተነገረው። እንግሊዝኛውን ሳትተረጉሙ በእንግሊዝኛ ጻፉት። «ሰዎች እንዲህ ሲሉ ሰማሁ» የሚለው ደግሞ አይጠቅማችሁም። ኃላፊው ራሱ ሲናገር በጆሮው የሰማ ሰው ቢመሰክር ሌላ ነው።

ከእኔ ጋር የሚነጻጸር ሰው ማቅረብ አለብኝ?

ሁልጊዜ የግድ አይደለም። ሲገኝ ግን ኃይለኛ ነው። ምሳሌው ከደጃችን ነው። ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለዩፒኤስ ዕቃ የምታደርስ ሾፌር ነበረች። በ2006 አረገዘች፤ ሐኪሟ ከ20 ፓውንድ በላይ እንዳታነሳ ነገራት። ኩባንያው ሾፌር 70 ፓውንድ ማንሳት አለበት ብሎ ያለ ደመወዝ ቤት አስቀመጣት። በሥራ ላይ ለተጎዱ፣ የመንዳት ፈቃዳቸውን ላጡ፣ አካል ጉዳት ላለባቸው ግን ሥራ ያቀል ነበር። በሰመሪ ጀጅመንት ተሸነፈች፤ በይግባኝም ተሸነፈች። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነገሩን መለሰው። ለእነዚያ ሁሉ ካቀላችሁ ለነፍሰ ጡሯ ለምን ይከብዳል የሚለው የሚያከራክር ጥያቄ ነው አለ።

ስለዚህ በሥራ ቦታችሁ ማን ምን እንደተፈቀደለት አስተውሉ። ጀርባው ተሰብሮ ወንበር የተሰጠው ማን ነው? ለትምህርት ብሎ ሺፍት የቀየረ አለ? ስምና ወር ማስታወስ ይበቃል። የኩባንያውን ሚስጥራዊ ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ አትውጡ፤ እሱ ራሱ መባረሪያ ይሆናል። ሰነዱን ጠበቃችሁ በክሱ ሂደት ያስወጣዋል። አሠሪው ሰነዱን ሳያስረክብ ለሰመሪ ጀጅመንት ከሮጠም፣ ምን እንደጎደለና ለምን እንደሚያስፈልግ በመሐላ ዘርዝሮ ዳኛውን ጊዜ መጠየቅ ይቻላል።

አባት ነኝ። እኔስ?

ያው ሕግ ነው። በሜሪላንድ አንድ የግዛቱ ፖሊስ ልጁ ስትወለድ እንደ ዋና ተንከባካቢ ፈቃድ ጠየቀ። ሚስትህ ኮማ ውስጥ ካልገባች ወይም ካልሞተች አይሆንም የሚል መልስ አገኘ። አራተኛው ሰርኪት በ2001 በጾታ የተደረገ አድልዎ መሆኑን አጸና። ለልጁ ብሎ ፈቃድ መጠየቅ የሚያፍር አባት መኖር የለበትም። ፈቃዱን በጽሑፍ ጠይቁ።

ከራሴ ቃል በቀር ምንም የለኝም። ይበቃል?

ሊበቃ ይችላል። ቃላችሁ በመሐላ ወይም በሐሰት ብናገር ልቀጣ ተብሎ ከተፈረመ ማስረጃ ነው። ለፌዴራል ፍርድ ቤት ኖተሪ እንኳ የግድ አይደለም። ራሳችሁ ያያችሁትንና የሰማችሁትን፣ ከነቀኑ፣ ከነዝርዝሩ መጻፍ አለባችሁ። «ጠልተውኝ ነው»፣ «እንደሚንቁኝ ይታወቃል» የሚለው ዳኛውን አያንቀሳቅሰውም። «መጋቢት 4 ማኔጀሩ በብሬክ ክፍል ውስጥ እንዲህ አለኝ» የሚለው ግን ያንቀሳቅሰዋል።

ዴፖዚሽን ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ዴፖዚሽን ማለት ከችሎት ውጭ፣ ብዙ ጊዜ በጠበቃ ቢሮ፣ በመሐላ የሚሰጥ ቃል ነው። በፌዴራል ደንብ በአንድ ቀን እስከ 7 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። እያንዳንዱ ቃል ይጻፋል። በኋላ ከዚህ ጋር የሚጋጭ የመሐላ ቃል ይዛችሁ ብትመጡ ዳኛው አይቀበለውም።

አማርኛ ተናጋሪውን የሚጎዳ አንድ ወጥመድ አለ። የአሠሪው ጠበቃ «ለኤችአር (ለሠራተኞች ጉዳይ ክፍል) አልተናገርሽም፣ አይደል?» ይላል። እሷ ተናግራለች። በእኛ ልማድ «አይ!» ትላለች፤ አይ፣ ተሳስተሃል፣ ተናግሬያለሁ ማለቷ ነው። በእንግሊዝኛ «ኖ» ተብሎ ይጻፋል። የሚያነበው ዳኛ አልተናገረችም ብሎ ይረዳዋል። አንዲት ቃል ናት፤ ክሱን ልትገድል ትችላለች። ስለዚህ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ። «ተናግሬያለሁ፤ በኢሜይል ነግሬያቸዋለሁ» በሉ። እንግሊዝኛችሁ ለሥራ ቢበቃም አስተርጓሚ ጠይቁ። ዴፖዚሽኑ ከማለቁ በፊትም «ጽሑፉን ማየት እፈልጋለሁ» ብላችሁ አስይዙ። ለማረም 30 ቀን ታገኛላችሁ።

ሰዓቱም ያው ነው። «በ3 ሰዓት ጠራኝ» ስትሉ ከጠዋቱ 9 ማለታችሁ መሆኑን ግለጹ።

ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በአማርኛ የተጻጻፍነው ቴክስት ይቀርባል?

ይቀርባል፤ ግን ትርጉሙ ትክክል መሆኑን ተርጓሚው በፊርማው ካረጋገጠ በኋላ ነው። ስክሪንሾቱ ላይ ቀኑና የላኪው ስም ይታይ። ዋናውን ከስልኩ አታጥፉ። ስልክ ስትቀይሩም አስቡበት።

ማኔጀሬን በድብቅ ልቅዳው?

ሜሪላንድ ውስጥ ከሆናችሁ አታድርጉት። የግል ንግግር ለመቅዳት የሁሉም ተናጋሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ወንጀል ነው። በዲሲና በቨርጂኒያ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ፣ ማለትም የእናንተ ፈቃድ ይበቃል። የኩባንያው ደንብ ግን ሊከለክል ይችላል።

ሞግዚት ቀርታብኝ ባረፍድ ሕጉ ይጠብቀኛል?

እውነቱን ልናገር፤ በአብዛኛው አይጠብቅም። የፌዴራል ሕግ አሠሪውን ለዴይኬር ብላችሁ ሰዓት አስተካክል አይለውም። ልጁ በጽኑ ከታመመ ኤፍኤምኤልኤ አለ። ለቀላል ሕመም ዲሲና ሜሪላንድ ቤተሰብ ለማስታመም የሚያገለግል የሕመም ፈቃድ ሕግ አላቸው። ከዚያ ውጭ የሚረዳችሁ ንጽጽር ነው። እናንተ ስታረፍዱ የተጻፈባችሁን፣ አባቶቹ ሲያረፍዱ ካለፉት።

በሰመሪ ጀጅመንት ብሸነፍስ?

በፌዴራል ፍርድ ቤት ፍርዱ ከተመዘገበ በኋላ ይግባኝ ለማለት 30 ቀን አላችሁ። ከላይ ያነሳኋቸው የፊሊፕስ፣ የሜይኗ እናትና የላንዶቨሯ ሾፌር ጉዳዮች ሁሉ በታችኛው ፍርድ ቤት በወረቀት ተሸንፈው በይግባኝ የተመለሱ ናቸው። ይግባኝ ሰሚው ግን አዲስ ማስረጃ አይቀበልም። የሚያየው ያንኑ መዝገብ ነው። በይግባኝ ያዳናቸው፣ የታችኛው ፍርድ ቤት ሲፈርድባቸውም መዝገቡ ውስጥ የነበረው ወረቀት ነው።